ኩላሊት ለሚያስቸግራችሁ ሁሉ፦ ይህችን ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልን

ሰው በአደባባይ ማመስገን ብዙም አይሆንልኝም፤ ይህን ግን ዝም ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሜሪላንድና ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የኩላሊት ሐኪም ዘንድ የምትሠራ ሐበሻ ነርስ አለች። ስሟ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለለመነችኝ አልጽፈውም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አድራሻውን እሰጣችኋለሁ።

ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነው። ባለፈው ዓመት ሽንቱ የቀይ ሻይ መልክ ያዘ። ሕመም የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ደም ብቻ። አንዱ ሐኪም ቤት «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጠው፤ አልተወው ሲል ሌላ መድኃኒት ጨመረለት። ሌላው ዘንድ ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «ውኃ ጠጣ» ብሎ ሸኘን፤ ሂሳቡ ግን ቤታችን ድረስ ተከትሎን መጣ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የመጨረሻው ሐኪም ነው። አብሮት የነበረ የሕክምና ተማሪ «ሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የደም በሽታ) ተመርምሯል?» ብሎ ቢጠይቀው «ኢትዮጵያዊ እኮ ነው፣ እነሱ ዘንድ የለም» ብሎ አፉን አስያዘው። ኢትዮጵያ አንድ ቀበሌ መሰለችው? ባለቤቴን «እናትህ ማን ናት?» ብሎ እንኳ የጠየቀው የለም።

ሲስተር ጠየቀችው። ደም ግፊቱን እየለካች፣ እንደ ጨዋታ፣ «ወንድሜ፣ እናትህ የየት አገር ሰው ናቸው?» አለችው።

«ጋምቤላ። አኙዋክ ናት።»

መለኪያውን ከክንዱ ፈትታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሲክል ሴል በደጋው ብዙም የማይታየው፣ በምዕራቡ ቆላ ግን የሚገኘው ወባ ለዘመናት ከኖረበት አገር ጋር አብሮ ስለሚሄድ እንደሆነ ነገረችን፤ ዘሩን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ከከባድ ወባ ይጠበቃል። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረችና «ልጃችሁ እዚህ ነው የተወለደችው? ስትወለድ ከተረከዟ ደም ተወስዶላታል፤ ውጤቱን የልጆች ሐኪሟን ጠይቂ» አለችኝ። ለካ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የሚወለድ ሕፃን ለዚህ ይመረመራል! ደወልኩ። ፋይሏ ውስጥ ቁጭ ብሎ ኖሯል፤ ተሸካሚ ናት ይላል፤ ዘሩን ከአንድ ወላጅ ብቻ ወርሳለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እንኳ «እናንተስ?» አላለንም። እኔና አባቷም ተመረመርን፤ እኔ የጎጃሟ ነጻ ነኝ፣ እሱ ተሸካሚ ነው።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሲስተር «ከቤተሰብ በልጅነቱ የታመመ ነበር?» አለችው። ባለቤቴ ዝም አለ። ከዚያ ስለ ታናሽ ወንድሙ ማውራት ጀመረ፤ በሕፃንነቱ እጁና እግሩ እያበጠ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያድር ስለነበረው፣ ሰፈርተኛው ዓይን ነው እያለ፣ ሳያድግ ስለሞተው ልጅ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ያለ ወንድም እንደነበረው እንኳ አልነገረኝም። ውጭ ተረኛ ሞልቷል። ሲስተር በሩን ገርበብ አድርጋ እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ እንደነዚያ ሰዓት አላየችም፣ አላቋረጠችውም። እሱም ስልኩን አውጥቶ የእናቱን ፎቶግራፍ አሳያት። እኔ ይህችን ሴት የማልረሳት በዚህ ነው።

የሕክምናውን ዝርዝር አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ተሸካሚነት በሽታው ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። ኩላሊት ግን ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 16 ሺህ ያህል ጥቁር አሜሪካውያንን ያየ ጥናት እንዳለ ነገረችን፤ ከ100 ተሸካሚዎች 19 ያህሉ፣ ተሸካሚ ካልሆኑት ደግሞ 14 ያህሉ የቆየ የኩላሊት በሽታ ተገኝቶባቸዋል። «የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ችላ የሚባልም አይደለም» አለችን። ሽንት ላይ ደም በታየ ቁጥር ተሸካሚነቱ ነው ብሎ መተኛትም እንደማይገባ አስጠንቅቃናለች፤ ጠጠርም ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ በምስል አስመርምሮ ካጣራ በኋላ ነው ነገሩ ከዚሁ እንደመጣ የነገረን። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲንም ስለተገኘ ኩላሊት የሚጠብቅ የግፊት መድኃኒት ጀምሯል። ሌሊት ሲነዳ ለጀርባው ይወስደው የነበረውን ኢቡፕሮፌንም አስቁመውታል። የሦስት ወር የስኳር ምርመራም በተሸካሚዎች ላይ ዝቅ ብሎ ሊታይ እንደሚችል የሰማሁት ከእሷ ነው፤ ስኳር ያለባችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ስለ ልጃችንም ሳልጠይቃት የቀጠሮ ካርድ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሠርታ አሳየችኝ፤ እሷ ደህና ናት፣ ነገር ግን አድጋ ሌላ ተሸካሚ ብታገባ በእያንዳንዱ እርግዝና በሽታው ያለበት ልጅ የመወለድ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ካርዱን ከልደት ወረቀቷ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ሐኪሙም ጎበዝ ነው፣ አልክድም፤ ዓይን ዓይናችሁን እያየ ያነጋግራል። ሲስተር ባትኖር ግን እሱ ዘንድ የምንደርሰው ማን ያውቃል ምን ሆነን ነበር። ቀጠሮ ስትይዙ እሷ ያለችበትን ቀን ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው አባትና እናት ካሏችሁ ውሰዷቸው፣ በአማርኛ ታስረዳቸዋለች፤ አትቆጣም፣ አታጣድፍም። ከጋምቤላ፣ ከአሶሳ፣ ከመተከል የምትመዘዙ ደግሞ የመጀመሪያ ቀጠሯችሁ ላይ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ እዚህ የወለዳችሁ ሁሉ የልጆቻችሁን የተረከዝ ደም ውጤት አስወጥታችሁ ያዙ። ልትደውሉ ከሆነ ከረፋዱ በፊት ሞክሩ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም።