የከዚራዋ ኒውትሪሽኒስት፣ ደም ማነስ ላለባችሁ ሴቶች

ድሬ ውስጥ የሴቶች ነገር የሚገባት የምግብ ባለሙያ ለምትፈልጉ፣ ከዚራ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አለች (ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ስሙን አልጽፍም፣ የፈለገች ኢንቦክስ)። እኔ የሄድኩት ፔሬዴ እየበዛ ሄሞግሎቢኔ (የደም መጠን ምርመራው) ከ12 በታች ወርዶ ነው፣ የአይረን (የብረት ማዕድን) ኪኒን ታዞልኝ እየዋጥኩ ለውጥ የለም፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል።

የወደድኩላት እንደ ዩቲዩቡ ብሮኮሊና ሳልመን ብዪ አለማለቷ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የምበላውን አንድ በአንድ ጠየቀችኝና ከምሳ በኋላ የምጠጣው ሻይ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት አይረኑን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ አለች። ተዪው ግን አላለችም፣ ድሬ ተቀምጦ ሻይ ተዪ ቢባል ማን ይሰማል፣ ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው ነው ያለችው። ምስር ወጡን ስትበዪ ሎሚ ጭመቂበት፣ ወይ ከቀፊራ ብርቱካን ፓፓያ ገዝተሽ አስከትዪ፣ ቫይታሚን ሲ ከእህል የሚገኘውን አይረን ይስበዋል። እንጀራውም በደንብ የቦካ ይሁን፣ ሊጡ ሲቦካ አይረኑን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል ስትለኝ ገረመኝ። ጉበትና ቀይ ሥጋ ከተገኘ ጥሩ ነው፣ በዚህ ኑሮ ግን በየቀኑ ከየት ይመጣል ብላ እሷው ሳቀች። እናቴ ለደም ፍቱን ነው የምትለውን የግመል ወተትም አልከለከለችኝም፣ ብቻ ወተት ካልሲየም ስላለው ከኪኒኑ ጋር አይሁን አለች።

ደሞ ምግብ ብቻውን አያድንሽም፣ ደሙ ለምን እንደበዛ ይታይ ብላ ማዮማ (የማህፀን እጢ) ካለ እንዲታይ ወደ ማህፀን ሐኪም ላከችኝ፣ እዚህ ላይ ነው ያመንኳት። አሁን ከ12 አልፌያለሁ።

የማይመቸው ሪሴፕሽኑ ነው በናታችሁ። ሰው በሞላበት "የፔሬዷ ማናት፣ ግቢ!" ይባላል እንዴ? ወረፋውም ረጅም ነው፣ ማራገቢያው በዛ ሙቀት አይሠራም፣ ዋጋውም ለወሬ ነው እንዴ የምከፍለው ያሰኛል፣ ለተማሪ ይከብዳል።

እርጉዝ የሆናችሁ ግን ለዚህ ብላችሁ ብር አታውጡ፣ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትል ስትጀምሩ አይረን ፎሌቱ በነፃ ነው፣ የክንዳችሁንም ዙሪያ ለክተው ከ23 ሴንቲ ካነሰ ስለ አመጋገባችሁ ያዩላችኋል። ሌሎቻችሁ የላብራቶሪ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ አለዚያ እንደገና ያስመረምሯችኋል።