የአሥር ወር የሊክስ ልምዴ፦ ማወዳደሩን ወደድኩት፣ ፍለጋው ግን «ኃይል» ላይ አንገዳገደኝ

ስንት ገዛኸው ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። አልገዛሁትም። ሊክስ (LyX) ቀመር ያለበት ጽሑፍ የሚጻፍበት ነጻ ሶፍትዌር ነው። ያስወጣኝ ነገር ቢኖር የኢንተርኔት ፓኬጅና ትዕግሥት ነው።

የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ፊዚክስ። መሐል ሜዳ ካሉ አንድ አንጋፋ መምህር ጋር ሆነን ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስን በአማርኛ የሚያስረዳ አጋዥ መጽሐፍ እየጻፍን ነው። ክፍል ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ነገሩ ልጆቹ ልብ ውስጥ የሚገባው ግን በአማርኛ ሲነገራቸው ነው። ይህን የማያውቅ አስተማሪ የለም።

መጀመሪያ በወርድ ነበር የጀመርነው። ሁለት ወር ሳይሞላ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚባሉ ፋይሎች ተከመሩ። የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋን። ቀመሮቹም ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄዱ ቦታቸውን ይለቁ ነበር። ስለዚህ መስከረም ላይ ወደ ሊክስ ገባን። አሁን ሰኔ ነው፣ እየተጠቀምንበት ነው።

ለማያውቀው በአጭሩ ልንገረው። ሳይንሳዊ ጽሑፍ አሳምሮ የሚያትም ላቴክ የሚባል ሥርዓት አለ። መሠረቱ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑት የሠራው ቴክ ነው። ላቴክ ትዕዛዝ በትዕዛዝ ይጻፋል፣ ለጀማሪ ያስፈራል። ሊክስ ከፊቱ የሚቀመጥ ቪዥዋል ኤዲተር ነው። ቀመሩን ስትጽፍ እንደ ቀመር ታየዋለህ፣ ከኋላ ላቴኩን እሱ ይጽፍልሃል። የጀመረው ማቲያስ ኤትሪሽ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1995 እንደ ፈረንጆቹ። እኔ የምጠቀመው 2.3ን ነው። ከእሱ በኋላ 2.4 በ2024 ወጥቷል፣ ግን መጽሐፉ ሳያልቅ አልነካካውም።

ስለ መጫኑ ብዙ አልልም። ሊክስ ራሱ ትንሽ ነው፣ ከሥሩ የሚያስፈልገው የላቴክ ጥቅል፣ ቴክ ላይቭ፣ ግን ትልቅ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወንድሜ አውርዶ በፍላሽ ላከልኝ። አማርኛው እንዲሠራ ከሰነዱ ሴቲንግ ውስጥ ፎንት የሚለው ጋ ገብተህ ቴክ ያልሆኑ ፎንቶችን ተጠቀም የሚለውን ትመርጣለህ። ከዚያ አቢሲኒካን የመሰለ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ትሰጠዋለህ። ይህን ሳላውቅ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አባክኛለሁ። ፒዲኤፉ ውስጥ ቁጥሩና ቀመሩ አለ፣ አማርኛው የለም!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሊክስን ያስወደደኝ ማወዳደሪያው ነው።

መምህሩ ከመሐል ሜዳ ፋይል ይልኩልኛል። ኔት ካለ በቴሌግራም፣ ከሌለ ደግሞ ፍላሹ በአውቶቡስ ረዳት እጅ በጣርማ በር አድርጎ ይመጣል። እሳቸው ለውጥ መከታተያውን፣ የነካኩትን ሁሉ ምልክት የሚያደርገውን፣ ማብራት ይረሳሉ። ሁልጊዜ። ብዙ ጊዜ ነገርኳቸው፣ ከዚያ ተውኩት። ምክንያቱም ቱልስ ከሚለው ሜኑ ውስጥ ኮምፔር የሚባል አለ። አሮጌውን ፋይል ትሰጠዋለህ፣ አዲሱን ትሰጠዋለህ። ሦስተኛ አዲስ ሰነድ ያወጣልሃል። የጠፋው ተሰርዞ፣ የተጨመረው ቀለም ተቀብቶ ይታያል። ሁለቱ ዋና ፋይሎች አይነኩም። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ለውጡን ሁሉ ብትቀበል የእሳቸው ፋይል ይሆናል፣ ሁሉን ብትጥል የድሮው ይመለሳል። በመካከል ደግሞ አንድ በአንድ እየዘለልክ ይህን እቀበላለሁ፣ ያንን እተዋለሁ ትላለህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አሮጌውንና አዲሱን አታገላብጥ። እኔ አንዴ አገላብጬ መምህሩ የጨመሩትን ግማሽ ገጽ «ሰረዙት» ብዬ ተናደድኩ። ስልክ ደውዬ ልወቅሳቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ ምሽት የሆነውን ልንገራችሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ባና ደርቤ ተቀምጫለሁ። ብርዱን የደብረ ብርሃን ሰው ያውቀዋል። ምዕራፍ 4ን አወዳደርኩ። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ቀመር አለ፤ የመጨረሻው ፍጥነት ካሬ፣ የመነሻው ፍጥነት ካሬ፣ ስበቱና ከፍታው። ማወዳደሪያው ቀመሩን ሁለት ጊዜ ደርድሮ አሳየኝ፣ አንዱ የተሰረዘ፣ ሌላው የተጨመረ። ሁለቱን አስተያየሁ። አንድ ናቸው። ዓይኔን አሻሽቼ ደግሜ አየሁ፤ አንድ ናቸው። በሦስተኛው አየኋት። የእኔ «ሲደመር» የእሳቸው «ሲቀነስ» ሆናለች። አንዲት ሰረዝ!

ሊክስ ቀመርን እንደ አንድ ዕቃ ነው የሚያየው። ውስጡ ምኑ እንደተለወጠ አይነግርህም፤ «ይሄ ወጣ፣ ይሄ ገባ» ይልሃል እንጂ። ቀመሩ ሲረዝም ይህ ያደክማል። ቢሆንም ያቺን ሰረዝ በዓይኔ ብቻ ሳነብ አልይዛትም ነበር።

ጠዋት ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ምዕራፍ 4 ላይ መደመሯን ለምን መቀነስ አደረጓት?»

«አንተ ልጅ፣ ተማሪው ስበትን 10 ብሎ ነው የሚያስገባው። ኔጌቲቭ 10 ብሎ የሚያስገባ አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ተቀበልኩት።

የመጀመሪያው ማወዳደር ግን እንዲህ ደስ የሚል አልነበረም። ምዕራፍ 2 ነበር። ስከፍተው ገጹ በሙሉ ቀለም ነው። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ተለውጧል ይላል። ደነገጥኩ። መጽሐፉን እንደገና ጻፉት እንዴ? ጠጋ ብዬ ሳይ የተለወጠው አራት ነጥቡ ነው። እኔ አራት ነጥብን እንደ አንድ ምልክት ነው የምጽፈው። እሳቸው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታሉ። በዓይን አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን አንዱ አንድ ፊደል ነው፣ ሌላው ሁለት ፊደል። ሊክስ ልክ ነበር፣ ተለውጧል።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ኮንትሮልና ኤፍ ተጭኜ መፈለጊያውን ከፈትኩ፣ ድርብ ሁለት ነጥቡን በአራት ነጥብ ሁሉንም ተካሁ፣ አስቀመጥኩ፣ እንደገና አወዳደርኩ። ቀለሙ ጠፋና ስድስት ቦታ ብቻ ቀረ። እነዚያ ስድስቱ ናቸው የእሳቸው እውነተኛ እርማት። ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን ፋይል ሳላጸዳ አላወዳድርም። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላ ምንም ባይሰማኝ ይህችን ይስማኝ።

ሌሎችም ጉድለቶች አሉት፣ ቶሎ ልለፋቸው። አንድ አንቀጽ ከላይ ወደ ታች ብታወርደው «ተዛወረ» አይልህም። ከላይ ጠፋ፣ ከታች ተጨመረ ነው የሚልህ። ሁለቱ ፋይሎች በጣም ከተራራቁ ደግሞ ይዘገያል፤ ልዩነቱ በበዛ ቁጥር ሥራው ስለሚበዛበት ነው። የእኔ ላፕቶፕ 4 ጊጋባይት ራም ነው ያለው፣ ሻይ አፍልቼ እመለሳለሁ። መጽሐፉን በምዕራፍ ከፋፍለን በአንድ እናት ፋይል ስለያዝነው ማወዳደርም የምንችለው ምዕራፍ በምዕራፍ ነው።

ፍለጋውን በተመለከተ ሁለት መፈለጊያ አለው። አንዱ ያ በኮንትሮልና በኤፍ የሚከፈተው ተራው ነው፣ ቃል ይፈልጋል፣ ፈጣን ነው። ሌላው ሺፍት ሲጨመርበት የሚከፈተው የላቀው ነው። ይሄኛው የሚገርም ነው። የፍለጋው ሳጥን ራሱ ትንሽ ሊክስ ነው። ውስጡ ቀመር መጻፍ ትችላለህ። ክፍልፋይ ሠርተህ፣ ካሬ አድርገህ፣ «ይህን ፈልግልኝ» ትለዋለህ። በተከፈቱት ሰነዶች ሁሉ ወይም በእናት ፋይሉ ሥር ባሉት ምዕራፎች ሁሉ ይፈልጋል። ወርድ ላይ ይህን ሳስብም አልችል ነበር።

የጠቀመኝ ስበት ላይ ነው። እኔ 9.8 እጽፋለሁ፣ መምህሩ 10 ይጽፋሉ። ተማሪው አንዱ ጥያቄ ላይ 9.8፣ ሌላው ላይ 10 ሲያገኝ ግራ ይገባዋል። ወደ 10 ለማምጣት ተስማማን። 9.8ቶቹ ግን አብዛኞቹ ቀመር ውስጥ ናቸው፤ ተራው ፍለጋ ደግሞ ቀመር ውስጥ አይገባም። የላቀው አንድ በአንድ አወጣቸው። ዝግ ይላል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ያስባል ያስባል። ግን ያገኛል።

አሁን ወደ «ኃይል» ልምጣ። ፊዚክስ ውስጥ ይህ ቃል የሌለበት ገጽ የለም። አንድ ቀን ቃሉን የት የት እንደተረጎምነው ላጣራ ብዬ «ኃይል» ብዬ ፈለግሁ። ምዕራፍ 5 ላይ ምንም የለም አለኝ። ምዕራፍ 5 እኮ ርዕሱ ስለ ኃይል ነው! ከፍቼ አየሁ። መምህሩ «ሀይል» ነው የሚጽፉት። ሌላ ቦታ «ሃይል» አለ። ያ የእኔው ነው፣ ቸኩዬ የጻፍኩት። አንድ ቦታ ደግሞ «ኀይል» አገኘሁ። የማን እንደሆነ ሁለታችንም አላመንንም።

ለእኛ ሁሉም አንድ ድምፅ ናቸው። ለማሽኑ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ፀሐይ»ም እንዲሁ፣ «ዓለም»ም እንዲሁ፣ «ሥራ»ም እንዲሁ። ይህን ሊክስ ላይ አላላክክም። ፊደሉን ያበዛነው እኛ ነን፣ እሱ ያየውን ነው የሚያነበው። ግን አማርኛ የሚጽፍ ሰው ፍለጋው «የለም» ሲለው ማመን የለበትም። በሌላኛው ሀ፣ በሌላኛው ሰ ደግሞ ይሞክር።

ሌላ ወጥመድ አለ። መፈለጊያው ላይ «ሙሉ ቃል ብቻ» የምትል ሳጥን አለች። እንግሊዝኛ ላይ ጥሩ ናት። አማርኛ ላይ ምልክት ካደረግህባት አበቃልህ። «የኃይል»፣ «በኃይል»፣ «ከኃይሉ» ሁሉ ያልፉታል፣ ሙሉ ቃሉ ሌላ ነውና። ሳጥኗን ብታነሳም «ኃይሉ» እና «ኃይሎች» አይገኙም፣ ምክንያቱም «ል» ወደ «ሉ» እና ወደ «ሎ» ተቀይራለች። ስለዚህ እኔ «ኃይ» ብቻ ብዬ ነው የምፈልገው፣ የማይለወጠውን ጫፍ ይዤ። ትርፍ ያመጣል፣ ግን አያመልጠኝም።

ከዚህ በኋላ ከመምህሩ ጋር አንድ ገጽ የቃላት ስምምነት ጻፍን። «ኃይል» በዚህ፣ «ፀሐይ» በዚህ፣ «ሥራ» በንጉሡ ሠ፣ አራት ነጥብ አንዲት ምልክት። ፋይሉ በዚያ ከተስተካከለ በኋላ ነው ማወዳደሩም ፍለጋውም እፎይ ያለልኝ።

መብራት ሲጠፋ የረዳኝንም ልናገር። ላፕቶፔ ባትሪው አልቋል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሊክስ በየጥቂት ደቂቃው መጠባበቂያ ያስቀምጣል። ስትመለስ መጠባበቂያውን ልክፈት ወይስ ዋናውን ብሎ ይጠይቅሃል። ድሮ በግምት ነበር የምመልሰው። አሁን መጠባበቂያውን ከፍቼ በሌላ ስም አስቀምጥና ከዋናው ጋር አወዳድራለሁ። ምን እንደጠፋብኝ በሁለት ደቂቃ አውቃለሁ።

ለማን ይሆናል? ደብዳቤ ብቻ ለሚጽፍ አይሆንም፣ ጣጣው ይበዛበታል። ቀመር ለሚጽፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ከአማካሪው ጋር እየተመላለሰ ለሚያርም፣ እንደ እኛ በርቀት ሁለት ሆኖ ለሚጽፍ ግን ይሆናል። ሜኑው እንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው ወር ያስለቅሳል። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ወርድ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ያስቀረኝ ያቺ የመቀነስ ምልክት ናት።

ትናንት ምዕራፍ 7 በረዳቱ እጅ መጣ። አጸዳሁት፣ አወዳደርኩት። አራት ነጥቡ ሁሉ አንድ ሆኗል፣ ጋሼ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ከዚያ «ሀይ» ብዬ ፈለግሁ። አሥራ አንድ ቦታ።