ጎንደር ላይ የሚሸጡ የስብከትና የጸሎት ሜሞሪዎች፦ ተደጋግሞ የሚሰማው የትኛው ነው?

ፒያሳና አራዳ ገበያ አካባቢ ሞባይል የሚጠግኑ ሱቆችም፣ በአድባራቱ ደጃፍ ንዋየ ቅድሳት የሚሸጡ ሱቆችም ስብከት የተጫነበት ሜሞሪ ካርድ ይሸጣሉ። ገዢው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ስብከት አለው?» ብሎ ነው። ሻጩም ቁጥሩን በኩራት ይናገራል። አዲስ ነገር ለመስማት ግን ስልክና ቴሌግራም ይበቃሉ። ሜሞሪና ትንሽ ማጫወቻ ጥቅማቸው የሚታየው የታወቀውን ትምህርት መልሶ መላልሶ ለመስማት ሲውሉ ነው፤ እዚህም የተመዘኑት በዚሁ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም የምታስተምረው እየደገመች ነው። ግጻዌው (የየዕለቱን ምንባብ የሚያሳየው መጽሐፍ) የዐቢይ ጾምን ስምንት ሳምንታት ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና በየዓመቱ በዚያው ወንጌል ያዞራቸዋል። የመፃጉዕ እሑድ ዮሐንስ ምዕራፍ 5፣ የገብር ኄር እሑድ የመክሊቱ ምሳሌ ከማቴዎስ 25 ሳይነበብ አያልፍም። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ በየሳምንቱ ይመለሳል። ቅዱስ ጳውሎስም ያንኑ ነገር መልሶ መጻፍ እንደማይሰለቸው፣ ለሚሰሙትም እንደሚበጅ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ነግሯቸዋል (ፊልጵ. 3፥1)። የመክሊቱን ምሳሌ የማያውቅ ምእመን የለም። ዘንድሮ ሹመት ያገኘ ወይም ሥራ የፈታ ሰው ሲሰማው ግን ጆሮው የሚይዘው ቃል ካምናው የተለየ ነው።

በብዛት የሚሸጠው እስከ አፉ የተሞላ ባለ 32 ጊጋ ካርድ ነው። በተለመደው ጥራት፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት፣ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 58 ሜጋ ይይዛል። ስለዚህ ሙሉ ካርዱ ከ500 ሰዓት በላይ ይሆናል። በቀን አንድ ሰዓት ቢሰማ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ አንዱም ስብከት ሁለተኛ ጊዜ አይመጣም። በተግባር ግን እዚያም አይደረስም። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ሲጠፉ የቆሙበትን ቦታ አያስታውሱም። የሁለት ሰዓት ጉባኤ እንዳለ ከተጫነ፣ መብራት በጠፋ ወይም ባትሪ ባለቀ ቁጥር ከመጀመሪያው ይነሣል። ሰሚው የሰባኪውን ሰላምታና መግቢያ በቃሉ ይይዛል እንጂ የትምህርቱን መደምደሚያ ሳይሰማ ይከርማል። መደጋገም ሲባል ይህ ማለት አይደለም።

የፋይሎቹ ቅደም ተከተልም አለ። ርካሽ ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ የሚያጫውተው በስም ተራ ሳይሆን ፋይሎቹ ወደ ካርዱ በገቡበት ተራ ነው። ስለዚህ ክፍል ሦስት ከክፍል አንድ ይቀድማል። ስክሪን ያላቸውም ቢሆኑ የግእዝ ፊደል ከሌላቸው ስሙን በሳጥን ሳጥን ያሳዩታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፋይሎቹን 001፣ 002 እያሉ በቁጥር መሰየም፣ ካርዱን አጥፍቶ (ፎርማት አድርጎ) በቁጥራቸው ተራ አንድ በአንድ መገልበጥ። ሁሉንም አንድ ላይ ጎትቶ የሚጥል ጫኚ ይህን አያስብም፤ ካልተነገረው አያደርገውም።

የተሻለው በትእዛዝ የሚጫነው ባለ 8 ጊጋ ካርድ ነው። ተዘጋጅቶ የሚገኘው እምብዛም ነው፤ ዝርዝሩን ጽፎ መሄድ ይጠይቃል። ለዐቢይ ጾም ስምንት ፎልደር፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። በእያንዳንዱ ውስጥ የሳምንቱ ወንጌል ንባብና በዚያው ወንጌል ላይ የተሰጡ ሦስት ትምህርቶች ይገባሉ። ትምህርቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ከሆነ ንባቡን ሳይጨምር ጠቅላላው 12 ሰዓት ነው፣ 700 ሜጋ አይሞላም። ረጅሙን ጉባኤ ጫኚው በኮምፒዩተር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አድርጎ ሊቆርጠው ይችላል። ሲቆርጥ ግን ሰዓቱን ብቻ አይቶ ሳይሆን ሐሳቡ የሚያልቅበትን ሰምቶ ነው፤ ጥቅሱ አንዱ ፋይል ላይ፣ ፍቺው ሌላው ላይ ቀርቶ የተሸጠ ካርድ ገዝቶ መበሳጨት የተለመደ ነው።

ከዐቢይ ጾም ውጭ ላለው ጊዜ የእምነቱ መሠረት የሆኑት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ይበቃሉ፦ ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን። ለእያንዳንዳቸው አራት ትምህርት ተመርጦ ሃያው ዓመቱን ሙሉ ቢዞር፣ ሁለት መቶ የተለያየ ርእስ ካለው ካርድ ይልቅ ቤት ውስጥ የሚቀር ነገር አለው። ልጆች ጥያቄ መጠየቅ የሚጀምሩት ሦስተኛውና አራተኛው ዙር ላይ ነው።

የጸሎት ካርድ ሲገዛ ንባቡንና ዜማውን መለየት ያስፈልጋል። ቃሉን ለመማር የሚረዳው ንባቡ ነው፤ ዜማው ለማያውቀው ሰው ቃሉን ይሸፍንበታል። የዳዊት ቅጂ በ150 ፋይል ተበታትኖ ወይም በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ከመጣ አይመከርም። በንጉሥ በንጉሥ (አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው) ተከፍሎ 15 ፋይል መሆን አለበት። ያኔ ሰኞ ሦስት፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ ሁለት፣ ቅዳሜ ሁለት ንጉሥ ተብሎ ከዕለቱ ድርሻ ጋር ይገጥማል። አንባቢው ንባብ ቤት (የግእዝ ንባብ የሚማሩበትን) ያለፈ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ ከንባቡ ስልቶች ተነሹን ይጥለዋል ወይስ ያነሣዋል፣ ወዳቂውን የት ያሳርፈዋል የሚለውን ደብተራ ጎረቤት ቢያዳምጠው ባንድ መዝሙር ይፈርዳል። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ጎረቤት አይታጣም። ከሥሩ የኪቦርድ ሙዚቃ የገባበትን ንባብ መተው ነው። መጽሐፉን ገልጦ በጣት እየተከተሉ ካልሰሙት ደግሞ ንባቡ የተሳሳተ ሆኖ በጆሮ ሊለመድ ይችላል፤ በተሳሳተ መንገድ የተለመደውን ማረም አዲስ ከመማር ይከብዳል።

ወደ ስብከቶቹ ስንመጣ፣ ደጋግሞ መስማት የሰባኪውን ስንቅ ያሳያል። በቀልድና በድምፅ ከፍታ የተያዘ ስብከት መጀመሪያ ቀን ይጥማል፣ ሁለተኛው ላይ ቀልዱ ይቀድማል፣ ሦስተኛው ላይ ማጥፊያው ይፈለጋል። ንባቡን አንብቦ፣ ታሪኩን ተናግሮ፣ ምሥጢሩን የሚተረጉም ትምህርት ግን በየዙሩ የሚሰጠው አያልቅበትም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው የአንድምታ ትርጓሜ ነው። አንድ ኃይለ ቃል «አንድም» እየተባለ በሁለትና በሦስት መንገድ ስለሚፈታ ባንድ መስማት አይጨበጥም። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች አገር ሆኖ ጎንደር ላይ የተጫነ የአንድምታ ካርድ ከስብከቱና ከመዝሙሩ ይልቅ ማነሱ ያስቆጫል። ሲገኝም ሽንኩርት እየተከተፈ የሚሰማ አይደለም፤ አንድ ቁጥር ሰምቶ ማቆም፣ ከዚያ መቀጠል ነው። ለኩሽና የምሳሌዎቹ ትምህርት ይሻላል።

ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቶ መተውም ጆሮን ያደነዝዛል። ሱቅ ውስጥ ሙሉ ቀን የሚጮኸውን ስብከት ባለሱቁ ስለ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ አይመልስም። የሚሠራው አካሄድ አንዱን ትምህርት እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ያንኑ ረቡዕ ማታ፣ ያንኑ ዓርብ መስማት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ማጫወቻው አንድ ፋይል ብቻ የሚደግምበት ቁልፍ ካለው ጥሩ፣ ከሌለው ለሳምንቱ አንድ ፎልደር ይበቃል። የተቀዳ ቅዳሴ የጫኑ ካርዶችም አሉ፤ ተሰጥዖውን (ሕዝቡ የሚመልሰውን) ለመማር ይረዳሉ፣ የሚያስቀድሰውን ሰው ግን ከደጀ ሰላም አያስቀሩም።

ዕቃውን በተመለከተ፣ 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆነ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ትንንሾቹ ማጫወቻዎች አያነቡትም፤ 32 ጊጋና ከዚያ በታች፣ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት ይሁን። ሐሰተኛ ካርድም አለ። ላዩ ላይ 32 ተጽፎበት እውነተኛ መጠኑ 4 ወይም 8 ጊጋ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተጫነው ስሙ ይታያል እንጂ አይጫወትም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ የመጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻውን ፎልደር አስከፍቶ መስማት ነው። ማጫወቻው የድሮ ኖኪያ ዓይነት ተነቃይ ባትሪ የሚወስድ ቢሆን ይመረጣል፤ ባትሪው ሲደክም በቀላሉ ይቀየራል፣ አንድ ትርፍ ባትሪም መብራት ለሚጠፋበት ቀን ይሆናል። የካርዱንና የማስጫኛውን ዋጋ ለየብቻ መጠየቅም አይከፋም፤ ተደምሮ ሲነገር የትኛው እንደተወደደ አይታወቅም። መዝሙር ከሆነ ደግሞ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ከራሱ መግዛት፤ ሱቅ ውስጥ የሚገለበጠው ላዘጋጁት ሳንቲም አይደርሳቸውም።

የጾሙን ካርድ ለማስጫን ጥሩው ጊዜ የጾመ ነነዌ ሳምንት ነው፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ገና ሁለት ሳምንት ስለሚቀረው የተቆረጠውንና የተዛነፈውን ለማስተካከል ጊዜ ይኖራል። ሲሄዱ የሚጫወትበትን ማጫወቻና በወረቀት የተጻፈውን የስምንቱን ሳምንት ዝርዝር ይዞ መሄድ ነው።