ያልሟሸ ማሰሮ ለቆላ ችግኝ ያዋጣል?

ከደጀን ቁልቁል በአባይ በረሃ የተተከለ የማንጎ ወይም የሎሚ ችግኝ ክረምቱን አይቸገርም። የሚከዳው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ቅጠሉ ውሃውን ለፀሐይ ይገብራል፣ ሥሩ ግን እርጥበት ያለበት ጥልቀት ገና አልደረሰም። ለዚህ ጊዜ ከሚያዋጡት ማጠጫዎች አንዱ ከሸክላ ተራ የሚገዛ፣ ከ5 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ ተራ ማሰሮ ነው። አንገቱ ድረስ ተቀብሮ ውሃ ይሞላበታል። ቻይናውያን ከ2,000 ዓመት በፊት ያውቁት ነበር።

አሠራሩ ላብ ነው። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ገላው ስለሚያልበው ነው፤ የተቀበረ ማሰሮም ያንኑ ላብ ለአፈሩ ይሰጣል። አፈሩ ሲደርቅ ይስባል፣ ሲረጥብ ይተወዋል። ዛፍ በሥሩ ከሚስበው ውሃ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው በቅጠሉ ቀዳዳዎች ተኖ ይወጣል። እነዚህ ቀዳዳዎች ካልተከፈቱ ደግሞ ምግብ የሚሠራበት አየር አይገባለትም። ውሃ ያጠረው ችግኝ ቀትር ላይ ይዘጋቸዋል፤ አይሞትም፣ ግን አያድግም። ማሰሮው የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው፤ ቅጠሉ በሳበ ቁጥር በሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር ይደርቃል፣ አፈሩም ከሸክላው ይወስዳል። ከላይ በጣሳ የሚፈስ ውሃ ግን ብዙው ወደ ጥልቁ ሳይሰርግ ይተናል፤ ሥሩንም ላይ ላዩን መሄድ ያስለምደዋል።

ሲገዙ ዋናው ነገር ማሰሮው ያልሟሸ መሆኑ ነው። በኑግ ወይም በጎመን ዘር ቅባት የሟሸ፣ በጭስ የታጠነ፣ ወይም በድንጋይ ተወልውሎ የሚያብለጨልጭ ሸክላ ለወጥና ለጠላ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ቀዳዳው ተደፍኗል። ሻጯን «እናቴ፣ ያልሟሸውን፣ ያልታጠነውን ይስጡኝ» ማለት ይበቃል። ቤት ሲደርሱ ሞልተው ደረቅ ቦታ ያሳድሩት። ጠዋት ገላው እኩል ከወዛ ጥሩ ነው፤ ከደረቀ አያልብም፤ ከሥሩ ውሃ ካቆረ ተሰንጥቋል። ከንፈሩ የተሸረፈ ማሰሮ ለቤት ስለማይፈለግ ዋጋ ይቀነስበታል፣ ለዚህ ሥራ ግን ምንም አይጎድለውም።

ጉድጓዱ ከማሰሮው በስንዝር ይስፋ። የወጣው አፈር ከኮምፖስት ጋር ተደባልቆ በዙሪያው እየተጠቀጠቀ ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሸክላውና አፈሩ ካልተነካኩ ውሃው አይሻገርም። ጎርፍ ደለል እንዳያስገባበት አፉ ከመሬት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ችግኙ ላስቲኩ ተቀዶ፣ ታች የተጠመዘዘው ሥር ተቆርጦ፣ ከማሰሮው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይተከላል። ክዳን የግድ ነው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይም ያገለግላል፤ ቆላ ላይ የተከፈተ ውሃ የትንኝ መፈልፈያ ነው።

ትልቁ ጉድለቱ መደፈኑ ነው። ደለል ያለበት የወንዝ ውሃ በነጠላ ካልተጠለለ ደቃቁ ጭቃ የሸክላውን ቀዳዳ ይሞላዋል። በእንጨት እየለኩ ይከታተሉት፤ አፈሩ ደርቆ ሳለ በ2 ቀን የጣት ያህል እንኳ ካልወረደ አውጥቶ ውስጡን በአሸዋ መፈተግ ነው። ግማሽ ሲደርስ መሙላት ይሻላል፤ ባዶውን ሲከርም በውሃው ውስጥ ያለው ጨው ገላው ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። አፈርም ይመርጣል። ቀይ አፈር ይስማማዋል። ዋልካ ግን በበጋ ተሰነጣጥቆ ከሸክላው ይለያል፣ በክረምት አብጦ ይሰብረዋል፤ እዚያ ባይሞከር ይመረጣል። ባህር ዛፍ አጠገብ መቅበርም ለባህር ዛፉ ውሃ መቅዳት ነው።

ክዳኑ ተበስቶ ተደፍቶ የሚቀበር ሃይላንድ በነፃ ይገኛል ማለት ይቻላል። ውሃውን የሚለካው ግን የተበሳው ቀዳዳ እንጂ የአፈሩ ጥማት አይደለም። አፈሩ ረጥቦም ይንጠባጠባል፣ ቀዳዳው በጭቃ ሲደፈን ደግሞ ጭራሹን ያቆማል። ማሰሮ ለመግዛት አቅም ካነሰ ይሁን፣ ካለበለዚያ አይመከርም።

ለቁርቁራና ለግራር ማሰሮ መቅበር ብክነት ነው። ቁርቁራ ሥሩን ቁልቁል ይሰዳል፣ የግራር ደቃቅ ቅጠልም ሙቀት ይችላል። ሽፈራውም ወፍራም ሥሩ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። ማንጎ፣ ሎሚና ፓፓያ ግን ወጪውን ይክሳሉ። ለማንጎና ለሎሚ በሁለተኛው በጋ የመሙያውን ቀን ማራራቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሥሩ ማሰሮውን ታቅፎ ይቀራል። በሳምንት የነበረው በ10 ቀን፣ ቀጥሎ በ15 ቀን ይሁን። ቅጠሉ ጠዋት ጠውልጎ ከተገኘ ተቸኩሏል፣ ወደ ቀድሞው ይመለሱ። ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ከቀና ግን ይተዉት፣ ይልመደው።