ለሳን ሲሮ «ሙሉ አገልግሎት» ብላችሁ ገንዘብ እንዳትከፍሉ

ሚላን ሄዳችሁ ሳን ሲሮ ጨዋታ ለማየት ያሰባችሁ ሁሉ፣ «ትኬት፣ መጓጓዣና ያለ ሰልፍ መግቢያ በአንድ ላይ» የሚል ማስታወቂያ ካጋጠማችሁ እለፉት። እኔና የአክስቴ ልጅ አላለፍነውም። በነፍስ ወከፍ 170 ዩሮ ከፍለን፣ የጨዋታውን ሁለተኛ አጋማሽ ያየነው ፖርታ ቬኔሲያ ሰፈር ሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ነው።

ትኬቱን ላስቀድም። ጣሊያን ውስጥ የስታዲየም ትኬት የሚቆረጠው በስም ነው፤ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ሻጩ በስልክ የላከልንን ምስል ስንቀበል የወንበሩን ቁጥር እንጂ ስሙን ልብ አላልንም፤ ይህ የራሳችን ጥፋት ነው። አስተናባሪው ጣቱን አንዴ ስልኬ ላይ፣ አንዴ ፓስፖርቴ ላይ እያሳረፈ ሁለት ጊዜ አነበበ። ትኬቱ የተቆረጠው በአንድ ጣሊያናዊ ስም ነው። ቀና ብሎ አየኝና ከሰልፉ እንድንወጣ በእጁ አመለከተን። ወደ ሻጩ ብንደውል ስልኩ አይነሳም። ስም ማዛወር በሚፈቀድበት ትኬት እንኳ ዝውውሩ የሚፈጸመው በክለቡ መንገድ እንጂ በደላላ አይደለም።

መጓጓዣ የተባለው ደግሞ ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ የሚነሳ ሚኒባስ ነበር። በጨዋታ ቀን መንገዱ ስለሚጨናነቅ እየተጎተተ ወስዶ፣ ስታዲየሙ በሩቁ ሲታይ «ከዚህ በእግር ነው» ብሎ አወረደን። እኛ ያረፍነው እኮ ፖርታ ቬኔሲያ ነው! እዚያው በራችን ላይ አንደኛው የሜትሮ መስመር፣ ቀዩ፣ ያልፋል። በእሱ እስከ ሎቶ ሄዶ ወደ ሐምራዊው አምስተኛ መስመር መቀየር ነው፤ መጨረሻው ጣቢያ ስሙ ራሱ «ሳን ሲሮ ስታዲዮ» ይባላል። ተራው የከተማ ትኬት 2.20 ዩሮ ነው፣ 90 ደቂቃ ያገለግላል። ቀዩ መስመር ፓጋኖ ላይ ለሁለት ስለሚከፈል «ሮ ፊዬራ» የሚለውን ባቡር ያዙ፤ «ቢሸሊዬ» የሚለው ሌላ አቅጣጫ ይወስዳችኋል። ከማዕከላዊው ጣቢያ የምትነሱ በአረንጓዴው እስከ ጋሪባልዲ ሂዱና እዚያ ሐምራዊውን ያዙ። ሐምራዊው ሹፌር የለውም፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ፊት ለፊት ቁሙ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ስታዲዮ ጣቢያ ላይ ሰው ስለሚታጨቅ እስከ ሎቶ በእግር መሄድ ይሻላል።

ደላሎቹ በዚህ ሰሞን የበረቱበት ምክንያት አላቸው። ሳን ሲሮ እ.ኤ.አ. በ1926 ኢንተር ኤሲ ሚላንን 6 ለ 3 በረታበት ጨዋታ የተከፈተ ሜዳ ነው። በ2025 የከተማው ምክር ቤት ለሁለቱ ክለቦች እንዲሸጥ ወሰነ፤ ዕቅዱም አጠገቡ አዲስ ሠርቶ የአሮጌውን አብዛኛውን ክፍል ማፍረስ ነው። «ሳይፈርስ እዩት» የሚለው ቃል እኛንም የያዘን ለዚህ ነው። እነዚያን ክብ የኮንክሪት ማማዎችና ከላይ የተጋደሙትን ቀይ ብረቶች በልጅነታችን በቴሌቪዥን ስናይ አድገን፣ እንዴት አያጓጓን?

ከክለቡ በቀጥታ ግዙ፤ ስማችሁ ልክ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው መጻፉን ሳታረጋግጡ ሳንቲም አትላኩ። የእኛ ሻጭ ማስታወቂያ ዛሬም አለ፤ ዋጋው 190 ዩሮ ገብቷል።