አብራሪነቱን ለምኑ፣ መሐንዲስነቱን ተዉት

በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም በሚገኘው ዲዝኒላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው «ጋላክሲስ ኤጅ» የተባለው የስታር ዎርስ (የጠፈር ጦርነት ፊልሞች) መንደር 14 ኤከር ያህል ይሰፋል። ልጄን የሳባት እዚያ የቆመው የጠፈር መንኮራኩር ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ በፊት ያቆመኝ ግድግዳው ነበር። ቀለሙ ሆን ተብሎ ተልጧል፣ የተኩስ ጠባሳ አለበት፣ ወለሉ ላይ ደግሞ የሮቦቶች የጎማ ዱካ ታትሟል። አዲስን ነገር እንዲህ አሳምሮ ማስረጀት የዋዛ ሙያ አይደለም።

መንኮራኩሩን በሚያስነዳው ጨዋታ፣ «ስማግለርስ ረን» ላይ፣ ስድስት ሰው አብሮ ይሳፈራል፤ ሁለት አብራሪ፣ ሁለት ተኳሽ፣ ሁለት መሐንዲስ። በግራ የተቀመጠው አብራሪ መንኮራኩሩን ወደ ግራና ቀኝ፣ በቀኝ ያለው ወደ ላይና ወደ ታች ይነዳል። ልጄና እኔ ተካፍለን ስንነዳ ያልገጨነው ነገር የለም፤ በገጨን ቁጥርም ወንበሩ ይንጠናል። የመሐንዲሱ ቁልፎች ግን በጎን በኩል ስለሆኑ እነርሱን ሲያይ የፊቱ ትርኢት ያመልጠዋል።

ሁለተኛው ጨዋታ፣ «ራይዝ ኦቭ ዘ ሪዚስታንስ»፣ ከዚህም ይልቃል። ተማርካችሁ ስትወርዱ ሃምሳ ነጭ ለባሽ ወታደሮች ተሰልፈው ይጠብቋችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም።

በመንደሩ የሚሸጠው ሰማያዊ ወተት ከኮኮናትና ከሩዝ የተሠራ ነው፤ ጿሚም ይጠጣዋል። ለእኔ ጣፋጭነቱ በዝቶብኛል።

ለመጀመሪያው ጨዋታ 97፣ ለሁለተኛው 102 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያስፈልጋል። በስማግለርስ ረን የነጠላ ተሳፋሪ ሰልፍ ቶሎ ያስገባል፤ የሚደርሳችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው መሐንዲስነት ነው።