ከአፕዴት በኋላ ለተዘጋ ኢሜይል፦ የሞዚላ የድጋፍ ገጽ ሲመዘን

ተንደርበርድ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ከአፕዴት በኋላ ደብዳቤ አልገባ አልወጣ ሲለው አቤት የሚልበት ቦታ የሞዚላ የድጋፍ ገጽ ነው። ክፍያ የለውም፤ መልስ የሚሰጡትም በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኔ የምመዝነው በራሴ ላይ በደረሰ አንድ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 78ኛው እትም ኮምፒውተሬ ላይ በተጫነ ማግስት የመሥሪያ ቤቴ ኢሜይል ደብዳቤውን ተቀብሎ ከሚያስተላልፈው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ ጋር መገናኘት አቃተው። የይለፍ ቃሉ ያው ነው፤ ኢንተርኔቱም ይሠራል። መጀመሪያ የደወልሁለት የጥገና ባለሙያ፣ ስሙ ይቆየኝ፣ ስክሪኑን እንኳ ሳያይ «አካውንቱን አጥፍተህ እንደ አዲስ አስገባው» አለኝ። የእኔ ኢሜይል ፖፕ በተባለው፣ ደብዳቤን ወደ ራስ ኮምፒውተር በሚያወርደው ዘዴ የሚወርድ፣ ከወረደም በኋላ ከሰርቨሩ ላይ እንዲጠፋ የተደረገ ስለነበር፣ ምክሩን ሰምቼ አካውንቱን ከነመረጃው አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ የስድስት ዓመት ደብዳቤ አብሮ ይሄድ ነበር።

በድጋፍ ገጹ ላይ ያገኘሁት የመጀመሪያ መልስ ግን መፍትሔ ሳይሆን ጥያቄ ነበር። ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ጄን አንድ ላይ ተጭኜ የስሕተት መመዝገቢያውን መስኮት እንድከፍት፣ ከዚያም ደብዳቤ ለማውረድ ሞክሬ ምን እንደሚጻፍ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ከሰርቨሩ ስም ጎን «የማይደገፍ ቨርዥን» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ፤ ነገሩም እዚያው ተፈታ። 78ኛው እትም ግንኙነትን በሚያመሰጥረው ሥርዓት፣ በቲኤልኤስ፣ የቆዩ እትሞች በ1.0 እና በ1.1 የሚደረግ ግንኙነትን እንዳይቀበል ሆኖ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የእኛ ሰርቨር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ባለው በ1.0 ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር። ጥፋቱ የአፕዴቱ አልነበረም ማለት ነው።

በረቀቁት ማስተካከያዎች ውስጥ ዝቅተኛውን የቲኤልኤስ ደረጃ የሚወስነውን ቁጥር ከ3 (ቲኤልኤስ 1.2 ማለት ነው) ወደ 1 (ቲኤልኤስ 1.0 ማለት ነው) ስቀይረው ደብዳቤው ወዲያው መውረድ ጀመረ። ከሁሉ ያስደሰተኝ መላሹ ይህ ጊዜያዊ መላ መሆኑን፣ የይለፍ ቃሌም በደካማ ምስጠራ እንደሚጓዝ፣ ዘላቂው መፍትሔ ሰርቨሩን ማሳደስ መሆኑን ሳይሸሽግ በዚያው መልስ መጻፉ ነው። ሰርቨሩ ሲታደስ ቁጥሩን ወደ 3 መለስሁት።

አገልግሎቱ ለሁሉም ይመቻል አልልም። መላሾቹ የራሳቸው ሥራ ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ መልሱ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ «ኢሜይሌ እምቢ አለ» ብቻ ብሎ የጻፈም ሰው እትሙ ስንት ነው፣ ፖፕ ነው ወይስ ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ የሚያቆየው አይማፕ እየተባለ ሲመላለስ ይውላል። እኔ የጻፍሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው የሚከብደው ሰው ጎበዝ ጓደኛ አጠገቡ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

የስልክ ቁጥር ሰጥቶ «ደውልልን» የሚል መልስ ከመጣ አጭበርባሪ ነው፤ ገጹ ራሱ ደውሉ እንደማይል ያስጠነቅቃል። ፕሮግራሙ የሚያወጣውን የችግር መፈለጊያ መረጃ ገልብጦ መለጠፍ ሲያስፈልግም የአካውንት ስሞች እንዲካተቱ የሚጠይቀውን ሣጥን ባዶ መተው ይገባል፤ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ማንም ያነብበዋልና።